ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘበኛ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባል ከተረትነቱ ይልቅ ወደ ውልነት የሚያደላ ቃል ነው። ውሉ ሁለት ወገኖች ያሉት ሲሆን፣ ባለቤቱ ከማዕዱ የተረፈውን ለመስጠት፣ ውሻው ደግሞ በሌሊት ኮሽ ያለውን ሁሉ ለመናገር ይስማማሉ፤ ክፍያው ፍርፋሪ፣ አገልግሎቱ ጩኸት ነው። በጎጃም ደጋ ይህ ውል ያለ ፊርማና ያለ ምስክር ጸንቶ የኖረው ሁለቱ ወገኖች ስለሚዋደዱ ብቻ ሳይሆን፣ የሀበሻ ውሻ ሰውነቱ መጠነኛ፣ ሆዱም ከአንድ ቤት ትርፍ የማያልፍ በመሆኑ ጭምር ነው። የውሻው ክብደት ወደ 60 እና 70 ኪሎ ግራም ሲወጣ ግን የውሉ አንቀጾች አንድ በአንድ ይገለበጣሉ፤ ፍርፋሪው ቀለብ ይሆናል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ጠባቂውም ተጠባቂ ይሆናል። ግዙፍ ውሻን በቤት የማሳደር ጥበብ የሚባለው በመሠረቱ ይህን የተገለበጠ ውል አንብቦ፣ ተረድቶ፣ እያማረሩም ቢሆን ማክበር ነው።

«ግዙፍ ዝርያ» በውሻ አርቢዎችና በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ፣ አዋቂው በአብዛኛው ከ45 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ዝርያ ማለት ሲሆን፣ ግሬት ዴን፣ ሴንት በርናርድ፣ ማስቲፍ፣ ኒውፋውንድላንድና አይሪሽ ዎልፍሀውንድ የታወቁት አባላቱ ናቸው። በኢትዮጵያ እነዚህ ሁሉ፣ ከእነርሱ የሚያንሰውን ጀርመን ሸፐርድን ጨምሮ፣ «የፈረንጅ ውሻ» በሚል አንድ ስም ይጠቃለላሉ፤ አጠራሩ ጅምላ ነው ቢባል እንኳ ከባለቤቶቹ አጠራር የባሰ ስሕተት የለበትም፤ ግሬት ዴን «ታላቁ ዴንማርካዊ» ተብሎ ይጠራ እንጂ ዝርያው ተለይቶ የወጣው በጀርመን አገር ነውና። የዚህ ዝርያ ወንድ ከመሬት እስከ ትከሻው ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ዓለም አቀፉ የውሻ አርቢዎች ፌዴሬሽን በመስፈርቱ ያዛል፤ በአሜሪካ ሚሺጋን ይኖር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2014 የሞተው ዜውስ የተባለ ግሬት ዴን ደግሞ 111.8 ሳንቲ ሜትር ደርሶ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። በክብደት በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲመዘን 155.6 ኪሎ ግራም የሆነው ዞርባ የተባለ የእንግሊዝ ማስቲፍ ይጠቀሳል፤ ይህም ወደ ጤፍ ሲተረጎም አንድ ኩንታል ተኩል ከነምራቂው ነው።

ክብደትን ወደ ጤፍ መተርጎም በሉማሜ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ዞን የአዋበል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሉማሜ፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል አውራ ጎዳናውን ይዛ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን ጤፍ የከበባት ከተማ ናትና፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ለትልቅ ውሻ የሚመች ሚዛን የሚገኘው ከእህል ነጋዴ ዘንድ ነው። ግዙፍ ውሻ መድኃኒቱም ሆነ ቀለቡ በኪሎ የሚታዘዝለት በመሆኑ በየጊዜው መመዘን ይኖርበታል፤ ሥርዓቱም ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ውሻው የፊት እግሮቹን በሚዛኑ ላይ፣ የኋላዎቹን በመሬት ላይ አድርጎ ስለሚቆም የሚነበበው የግማሽ ውሻ ክብደት ነው። በሁለተኛው ደረጃ አንድ ወዛደር የኋላውን አንሥቶ ሊጨምር ጎንበስ ሲል ውሻው ፊቱን ይልሰዋል፤ ወዛደሩም ሚዛናዊነቱን አጥቶ ሚዛኑን ስለሚደገፍ ከውሻው ጋር የወዛደር ሩብ ይመዘናል። በሦስተኛው ደረጃ ውሻው በራሱ ፈቃድ ሚዛኑ ላይ ተጋድሞ ሊተኛ ሲል፣ መርፌው 68 ላይ ይቆማል፤ ነጋዴውም ከእጁ በማይወጣ ልማድ «የጆንያው ይቀነስ» ይላል።

በዚህ ትዕይንት ዙሪያ ከሚሰበሰበው ሰው መካከል ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት፣ ከብት የሚያውቅ ሰው የሚያስተውለውን ሁሉ ካስተዋሉ በኋላ፣ ባለቤቱን «አንተ ልጅ፣ ይኼ የሚታለብ ነው ወይስ የሚታረድ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው ሲሰማ ፌዝ ቢመስልም ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምእተ ዓመት የኖረው ግሪካዊ ጸሐፊ አጋታርኪደስ፣ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውንና ግሪኮች በጅምላ «ኢትዮጵያ» ይሉት የነበረውን ምድር ሕዝቦች ሲዘረዝር፣ ብርቱ አዳኝ ውሾችን የሚያረቡ ወገኖችን «ኪናሞልጎይ» በሚል ስም ያነሣቸዋል፤ የስሙም ትርጉም «ውሻ አላቢዎች» ማለት ነው። ስለዚህ አዛውንቱ ሳያውቁት የጥንቱን የጂኦግራፊ ሊቅ አቋም ደግፈው የቆሙ ሲሆን፣ «አይታለብምም፣ አይታረድምም፤ ይበላል እንጂ» የሚለው የባለቤቱ መልስ ግን በጂኦግራፊም ሆነ በግብርና በኩል ብዙ ድጋፍ የሚያገኝ አይደለም።

የአየሩ ጠባይ ከሁሉ ያነሰው ችግር ነው። ሴንት በርናርድ የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው በስዊዘርላንድ፣ ከኢጣሊያ ድንበር አጠገብ ከሚገኘው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ ሲሆን፣ በዚያ ተራራ ላይ ባለው ገዳም የኖሩ መነኮሳት በበረዶ የተቀበሩ መንገደኞችን የሚፈልጉላቸው ውሾች ያሳድጉ ነበር። መተላለፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,469 ሜትር ከፍታ ሲኖረው ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ትገኛለችና፣ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 23 ሜትር ብቻ ነው፤ ከፍታና ገዳም ብቻ ቢበቃ ኖሮ ዝርያው ጎጃሜ ነው ተብሎ መከራከር ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1800 እስከ 1814 የኖረውና ከ40 በላይ ሰዎችን አድኗል የሚባልለት ባሪ የተባለው ውሻ ዛሬም በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቆሞ ይታያል። በአንገቱ ላይ መጠጥ የያዘ ትንሽ በርሜል ተንጠልጥሎ መሣሉ ግን ኤድዊን ላንድሲር የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ከሣለው ሥዕል የተስፋፋ ፈጠራ እንጂ የመነኮሳቱ ሥራ አይደለም፤ ልማዱ እውነት ሆኖ በጎጃም ብርድ ቢጀመር ኖሮ በርሜሉ የሚይዘው አረቄ ይሆን ነበር፤ ሆን ብሎ መንገድ የሚስተውም ሰው ቁጥር ይበዛ ነበር።

ከአየሩ ይልቅ አስቸጋሪው መሬቱ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ሜዳ በብዙ ቦታ ዋልካ፣ ማለትም በክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥና የሚያጣብቅ ጥቁር የሸክላ አፈር ሲሆን፣ ለጤፍ የተመሰገነው ይህ አፈር በሰፌድ አፍ ያህል መዳፍ ሥር ሲገባ ወደ ቤት የሚዛወረው በአካፋ መጠን ነው። በእበት የተለቀለቀ ወለል አንድ ቀን ጠዋት የተለሰነ እንደሆነ እስከ እኩለ ቀን ድረስ የውሻው የጉዞ ካርታ ሆኖ ይገኛል። ከመዳፉ የማያንሰው ሌላው የአካሉ ክፍል ጅራቱ ነው፤ የግሬት ዴን ጅራት ቁመት ከረከቦት ቁመት ጥቂት ከፍ ብሎ ከስኒዎቹ አንገት ጋር ስለሚተካከል፣ የመጀመሪያው ቡና ተቀድቶ ውሻው እንግዳ በማየቱ ደስ ሲለው ሁለተኛው ቡና የሚጠጣው በተረፉት ስኒዎች ነው። ሐኪሞች «የደስታ ጅራት» የሚሉት ጉዳትም እውነተኛ ሕመም ነው፤ ውሻው ጅራቱን ከግድግዳ ጋር እያላተመ ጫፉን ያደማዋል፤ ደሙም ጅራቱ በተወዛወዘ ቁጥር እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ይረጫል። መሶብም ቢሆን ለሀበሻ ውሻ የሚያንጋጥጡት ተራራ ሲሆን፣ ለግዙፉ ውሻ ግን አገጭ የሚያሳርፉበት ትራስ ነው። ለሃጩ ደግሞ፣ በተለይ እንደ ሴንት በርናርድና ማስቲፍ ከንፈራቸው የተንጠለጠለ ዝርያዎች ዘንድ፣ እሑድ ማለዳ ነጭ ነጠላ ለብሰው ለሚወጡት ሁሉ የሚበቃ ነው።

የቀለቡ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ 5 ኪሎ ግራም ከሚመዝነው ውሻ 12 እጥፍ ይበላል ብሎ ይሰጋል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት፣ ክብደቱን በ0.75 ኃይል ከፍ አድርጎ በ70 ማባዛት ሲሆን፣ የሚገኘው ውጤት እንስሳው ያለ ሥራ ተኝቶ ለመኖር ብቻ የሚያስፈልገው የቀን ኪሎ ካሎሪ ነው። በዚህ ስሌት ትንሹ ውሻ ወደ 234፣ ትልቁ ደግሞ ወደ 1,500 ኪሎ ካሎሪ ስለሚያስፈልጋቸው ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ትልቅ አካል ከትንሽ አካል ይልቅ በኪሎ ሲታሰብ ቆጣቢ ነውና። ሆኖም መጽናኛው ብዙም አይራመድም፤ ለመንቀሳቀሱና ለኑሮው በግማሽና ከዚያ በላይ ሲጨመርለት፣ የግዙፍ ውሻ የቀን ምግብ ከአንድ አዋቂ ሰው ቀለብ ጋር እኩል ይመጣል። እንግዲህ ቤቱ በቀበሌ ያልተመዘገበ፣ ዕቁብ የማይጥል፣ በደቦ የማይወጣ አንድ ሙሉ ሰው ተጨምሮበታል ማለት ነው።

መጠኑ እንኳ ተገኘ ቢባል ዓይነቱ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ስላላቸው ለውሻ መርዝ ናቸው፤ በአማራ ቤት ደግሞ ወጥ የሚባለው ነገር የሚጀመረው ሽንኩርት በማቁላላት ነው። ከሌላ አገር የምግብ አሠራር ጋር ቢሆን «ሽንኩርቱ ከመጨመሩ በፊት የውሻውን ድርሻ ማውጣት» የሚል ምክር ይሠራ ነበር፤ እዚህ ግን ከሽንኩርቱ በፊት ያለው ባዶ ድስት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ ያለው ቤት ለውሻው ሁለተኛ ድስት መጣድ ግድ ይሆንበታል፤ በእርሷም ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የበቆሎ ወይም የስንዴ ገንፎ ከጥቂት ሥጋ፣ ከዕንቁላልና ከመረቅ ጋር ይበስላል። እንጀራው አይጎዳውም፤ ውሻ ከተኩላ ከተለየባቸው ነገሮች አንዱ ስታርች የተባለውን የእህል ንጥረ ነገር የመፍጨት ችሎታው መዳበሩ ነውና። የበሰለ አጥንት ግን እንደ መስታወት ተሰንጥሮ አንጀት ሊበሳ ስለሚችል፣ ጥሬ ሳንባና ጉበትም «ኢኪኖኮከስ» የተባለ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥቃቅን ትል ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ሁለቱም ይከለከላሉ። ይህ ትል በበግና በከብት የውስጥ ዕቃ ውስጥ ውኃ እንደያዘ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ ውሻው ያን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ ዕንቁላሉም በዓይነ ምድሩ አማካይነት ወደ ሰው ሲደርስ በሰው ጉበት ያንኑ ከረጢት ይሠራል። በፋሲካ ማለዳ በግቢ ከታረደው በግ «ይህችን ለውሻው» ተብላ የምትወረወር ሳንባ በአንድ ቤት የቸርነት ሥራ፣ በሐኪም ዓይን ግን የትሉ የመንገድ ትኬት ናት።

ፋሲካ ከተነሣ ጾሙን ማለፍ አይቻልም። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን፣ ፍልሰታና የነቢያት ጾም ሲደመሩ የቤቱ ምጣድ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋና ከወተት ርቆ ይከርማል፤ ሥጋ ቤቶችም በሁዳዴ ይዘጋሉ። የሀበሻ ውሻ በውሉ መሠረት ቤቱ የጾመውን አብሮ ሲጾም ኖሯል፤ ግዙፉ ውሻ ግን የንስሐ አባት ስለሌለው በሺሮ ብቻ የሚቆም ሰውነት የለውም፤ በሺሮውም ሽንኩርት አለበት። በዚህ ወቅት ዕንቁላል የሚፈልግ ሰው ስለሚቀንስ ለውሻው ዕንቁላል መቀቀል ብልህነት ነው፤ ሆኖም በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት የዕንቁላል ቅርፊት ከቆሻሻው መካከል ሲያይ የሚጠረጥረው አባወራውን እንጂ ውሻውን አይደለም። አባወራውም ራሱን ለማንጻት ውሻውን ምስክር አድርጎ ሊጠራ ቢሞክር፣ ውሻው በዚያች ሰዓት አባወራውን እያየ ከንፈሩን ይልሳል።

ቡችላነቱ ደግሞ ለብቻው መምህር የሚያስፈልገው ትምህርት ነው። የግሬት ዴን ቡችላ ሲወለድ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ክብደቱን ወደ መቶ እጥፍ ያህል ያሳድጋል፤ የሰው ልጅ ሃያ እጥፍ ለመድረስ የትምህርት ቤት ዘመኑን ሁሉ ይጨርሳል። እንዲህ ለሚሮጥ ዕድገት የባላገር ብልሃት «ይፋፋ» ብሎ ማጉረስ ሲሆን፣ የሳይንሱ ምክር ግን ተቃራኒው ነው፤ ከመጠን በላይ የተቀለበና ተጨማሪ ካልሲየም የተሰጠው ቡችላ ሥጋው አጥንቱን ቀድሞት የዳሌና የትከሻ መገጣጠሚያው ይበላሻል። ካልሲየም አጥንትን የሚያጠነክር ማዕድን ሲሆን፣ ገና ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ አንጀት የመጣለትን ካልሲየም እንደ ልቡ የመመለስ ዐቅም ስለሌለው፣ ለጥንካሬ የተሰጠው ነገር የድክመት ምክንያት ይሆናል። ጤነኛ የግዙፍ ዝርያ ቡችላ የጎን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚቆጠር ቀጭን ነው፤ ይህም ቤቱን ከጎረቤት ሐሜት የሚያድን መልክ አይደለም። «ይህን የሚያህል ግቢ ይዘው ውሻቸውን አስራቡት» የሚለው ወሬ የሚበርደው ውሻው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ሙሉ ቁመቱን ይዞ በወሬኛው አጥር ላይ አንገቱን ሲያሻግር ነው።

ከሕመሞች ሁሉ የሚፈራው «የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ» ነው። የጎጃም ገበሬ ርጥብ ለምለም በልቶ ሆዱ የተነፋ በሬ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የውሻው ልዩነት፣ ደረቱ ጥልቅ በሆነ ዝርያ ውስጥ የተነፋው ጨጓራ በራሱ ዙሪያ ዞሮ መግቢያውንም መውጫውንም መዝጋቱ፣ የደሙንም መንገድ ማነቁ ነው። ምልክቶቹ እንደ ከበሮ የተወጠረ ሆድ፣ መቁነጥነጥ፣ የለሃጭ መብዛትና ምንም የማይወጣበት የማስታወክ ትግል ናቸው፤ ቀዶ ሕክምና ካልደረሰለትም በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። መከላከያው ቀላል ይመስላል፤ ምግቡን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከፍሎ መስጠት፣ በችኮላ እንዳይውጥ ማድረግ፣ እንደበላም ከሩጫ ማገድ ነው፤ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው ሁሉ የውሻ ችኩል አየር ይውጣል። ሕመሙ ከመጣ ግን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው መጓጓዣ ነው። የጋሪ ፈረስ ከኋላው የሚጫነውን ካየ አልንቀሳቀስም ይላል፤ ባጃጅ ውስጥ ውሻው የሦስቱን ሰው መቀመጫ ብቻውን ይይዝና ጭንቅላቱን በሾፌሩ ትከሻ ላይ ያሳርፋል፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት ደግሞ በሩን በግማሽ ከፍቶ ሁኔታውን ከመረመረ በኋላ «ሰው ነው ወይስ ጭነት?» የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። ለሰው ቢባል ሦስት ሒሳብ፣ ለጭነት ቢባል ጣሪያ ላይ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ድርድር መካከል የሚያልፈው ደቂቃ የውሻው ዕድሜ ስለሆነ፣ አስቀድሞ አንድ የታወቀ ባለመኪና ወዳጅ ማፍራት ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚቀድም መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ የተገለበጠው ውል ዋና አንቀጽ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ግቢው እንዲጠበቅ ነውና፣ ውሻው ይጠብቃል ወይ? ግሬት ዴን ጥንት በጀርመን መሳፍንት ዘንድ የዱር አሳማ ማደኛ የነበረ ቢሆንም፣ አርቢዎቹ ትውልድ በትውልድ ቁጣውን እየቀነሱ ዛሬ ሰው ላይ መደገፍ የሚወድ ገር እንስሳ አድርገውታል። በሉማሜ ዳርቻ ጅብ ሲጮኽ የሚሆነው ይህ ነው፦ የሀበሻው ውሻ ከበሩ ሳይርቅ፣ ለማፈግፈግ የሚበቃውን ርቀት ጠብቆ ይጮኻል፤ ይህም በልምድ የተፈተነ ወታደራዊ ስልት ነው። ግዙፉ ውሻ ከጅቡ በክብደት የማያንስ ቢሆንም ጩኸቱን ለሀበሻው ውሻ በውክልና ሰጥቶ ወደ ደጃፍ ይመጣል፤ በሩንም በመዳፉ ያንኳኳል። ባለቤቱ ይህን የሚያህል ሀብት ለጅብ አሳልፎ መስጠት ስለማይፈልግ ይከፍትለታል፤ እርሱ ራሱ ዱላና ባትሪ ይዞ ይወጣል፤ ውሻውም ከባለቤቱ በሞቀው መደብ ላይ ይጋደማል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት የዘገየውን ውሻ ይወቅሳል፤ ግዙፉ ውሻ ግን ጅቡ ከሄደ በኋላም ስለማይጮኽ ከወቀሳው ነፃ ነው።

ገርነቱ ግን ከክትባት ነፃ አያደርገውም። የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ በሰው ላይ የሚደርሰውም ከሞላ ጎደል ሁሉ በውሻ ንክሻ ነው። ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ሁሉ መከተብ አለበት፤ የተነከሰ ሰውም ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ክትባት ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ሲሆን፣ የሞተበት ሴፕቴምበር 28 ቀን ዛሬ ዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ ብዙውን ጊዜ ከመስቀል ማግስት ስለሚውል ክትባትን ከደመራው ጋር አያይዞ ማስታወስ ለጎጃም ሰው ይቀለዋል። ክትባቱ የሚጠቅመው ለሰው ብቻም አይደለም፤ በባሌ ተራሮች በየጊዜው የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ የተሻገረው ከውሾች ነው። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ የውሻ ዘመድ ሲሆን፣ ከሉማሜ በስተሰሜን ከሚታየው ከጮቄ ተራራ ግን ጠፍቷል፤ የፈረንጅ ውሻ ለማየት የሚሻማው ልጅም የአገሩን ባለቤት በዚያ ተራራ ላይ ሊያየው አይችልም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤቱ ውስጥ ሥልጣን የማን እንደሆነ የሚያጠራጥር ነገር አይኖርም። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው ምእተ ዓመት በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ፣ በዚያው ግሪኮችና ሮማውያን «ኢትዮጵያ» ባሉት ሰፊ ምድር ውሻ አንግሠው፣ ትእዛዙን ከእንቅስቃሴው እየተረጎሙ የሚኖሩ ሕዝቦች አሉ ብሏል። ሊቃውንት ይህን ወሬ ከተረት ይመድቡታል፤ ግዙፍ ውሻ ያለበትን ቤት ያየ ሰው ግን ፕሊኒ የጻፈው ስለ አንድ መንግሥት ሳይሆን ስለ አንድ ቤተሰብ ነው ብሎ ለማመን አይቸገርም። ውሻው ጆሮውን ሲያነሣ በር ይከፈታል፤ ሲያቃስት ፍራሹ ይገለበጣል፤ ወደ ድስቷ ሲመለከት ሰው ሁሉ ሰዓት ያያል። በዚህ ረገድ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሁሉ የተሻለ ማስተዋል ነበራቸው ማለት ይቻላል፤ በግቢያቸው አንበሳ እያኖሩ፣ በእልፍኛቸው እንድትመላለስ የፈቀዱት ሉሉ ለተባለችው፣ ከውሻ ዝርያዎች ሁሉ ለምታንሰው ቺዋዋ ነው። ዙፋኑን ለማስከበር የሚፈልግ ሰው በውሻው መጠን ላይ ይጠነቀቃል።

የመጨረሻው የውሉ አንቀጽ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ነው። በእንስሳት ዓለም ትልቅ ዝሆን ከትንሽ አይጥ አብልጦ ይኖራል፤ በውሻ ወገን ግን ነገሩ ተገልብጦ ትንሹ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሲቆይ ግሬት ዴን ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮርኔሊያ ክራውስና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት፣ ትልልቅ ውሾች ቶሎ የሚሞቱት የሚያረጁበት ፍጥነት ከፍተኛ ስለሆነ መሆኑን አሳይቶ፣ በዝርያዎች መካከል እያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ግራም ጭማሪ ከዕድሜ አንድ ወር ያህል እንደሚቀንስ አስልቷል። ከእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ የተነበበው 68 እንግዲህ የኩራት ቁጥር ብቻ አልነበረም። ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የመጣ ቡችላ፣ ልጁ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጥ ሲል የኋላ እግሮቹ መነሣት ያቅታቸዋል፤ ያን ጊዜ በሚዛኑ ዘንድ እንደነበረው ወዛደር የኋላውን ደግፎ የሚያነሣው ያው ልጅ ነው።

ከግቢው ጥግ ከባሕር ዛፉ ሥር ከተቀበረ በኋላ ቤተሰቡ ስሙ እንዳይነሣ ይስማማል። «ውሾን ያነሣ ውሾ ይሁን» የሚለው አባባል ሳያውቁ የውሻ ሥጋ የበሉ ሰዎች ነውራቸው እንዳይወራ የተማማሉበት ቃል ነው ተብሎ ይተረካል፤ በዚህ ቤት ግን ቃሉ የሚያገለግለው ለነውር ሳይሆን ለእንባ ነው። መሐላው ለአንድ ቀን ይጸናል። በማግስቱ ምሽት፣ ውሻው ሲመጣ ከሁሉ አብልጠው የተቃወሙት እማወራዋ ሽንኩርት ከመክተፋቸው በፊት ሁለተኛዋን ድስት ከመደርደሪያው ያወርዳሉ፤ ውኃ ይሞሉባትና እሳቱ ላይ ሊጥዷት ጎንበስ ይላሉ፤ ከዚያም ድስቷን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ቤቱ ሁሉ ዝም ብሎ እያያቸው፣ ጥቂት ይቆማሉ።